ቀለሙ ይቆይ፣ ጣራው ይቅደም

የከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲያረጅ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግድግዳው ነው። ቀለሙ ይወይባል፣ ልስኑ ይላላጣል፣ በሩ ሲከፈት ይንቋቋል። ጥቂት በጀት ሲገኝም ገንዘቡ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ግድግዳው ይቀባል፣ ሊሾው ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። በሚቀጥለው ክረምት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ብቅ ይላል። በሚከተለው ደግሞ ቀለሙ ከነልስኑ ይረግፋል፤ ባለጉዳዩም «ይህ ቤት በቀደም ታድሶ አልነበረም እንዴ?» ይላል።

እኔ የቆሼ ልጅ ነኝ። አባቴ አናጢ ነበር፤ እኔም የሕንፃ ሥራ ተምሬ ከቆሼ እስከ ቡታጅራ፣ አልፎ አልፎም እስከ ወልቂጤ ድረስ ያረጁ የመንግሥት ቤቶችን እየዞርኩ አያለሁ። ምኑ ይጠገን፣ ምኑ ይፍረስ፣ ምን ያህል ይፈጃል የሚለውን ለክቶ መጻፍ እንጀራዬ ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የማምንበት ነገር ቢኖር የእድሳት ዕቅድ ከውሃ መጀመር እንዳለበት ነው። ውሃው ከላይ እንዳይገባ፣ ከታችም መሠረቱን እንዳያርስ ሳይደረግ የሚወጣውን ብር ክረምቱ ይዞት ይሄዳል።

ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ዋና ከተማ ናት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከተማዋን ባያውቃት እንኳ በርበሬያችንን ያውቀዋል። በዚህ አካባቢ ያሉት አሮጌ የመንግሥት ቤቶች አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ተመርጓል፤ ከላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ድሮ አቡጀዲ፣ ኋላ ላይ ችፑድ ነው። ሠራተኛው ሲበዛ ደግሞ በጎን በኩል የብሎኬት ክፍሎች ይቀጠላሉ። የጭቃውና የብሎኬቱ ቤት የሚገናኙበት ቦታ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ቀድሞም ያፈሳል። ሁለቱ ቤቶች መሠረታቸው የተለያየ ስለሆነ እኩል አይሰምጡም፤ የሁለቱ ጣራዎች ውሃም እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይወርዳል። አንድ ቤት ለማየት ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን መጋጠሚያ ነው።

የማየው ደግሞ በክረምት ነው። ብዙ ጊዜ ባለሙያ የሚጠራው በጥር ወይም በየካቲት ነው፤ በዚያ ወቅት ጣራው ደርቋል፣ ግድግዳውም ደርቋል፣ የሚታየው የቆየ እድፍ ብቻ ነው። በሐምሌ ግን ቤቱ ራሱ ያናግራል። ያም ሆኖ ከኔ ይልቅ ቤቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጥበቃውና የፅዳት ሠራተኛዋ። ጥበቃው ሌሊቱን እዚያ ያድራል፣ ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ የጣራውን ድምፅ ይሰማል። የፅዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገብታ ውሃውን ትጠርጋለች። የሚገርመው፣ በእድሳት ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ ሁለቱም አይጠሩም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የጥበቃውን ሽማግሌ ስለ ጣራው ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዝናቡ ከዝዋይ በኩል ሲመጣ ነው የሚያፈሰው። ከቡታጅራ በኩል ሲመጣ ግን ጠብ አይልም» አሉኝ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ቀነሰልኝ። ዝዋይ ለኛ በምሥራቅ ነው። መሰላል አስመጥቼ ስወጣ ቆርቆሮዎቹ የተደራረቡበት ጠርዝ አፉን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አገኘሁት፤ ንፋሱ ዝናቡን ከቆርቆሮው ሥር ይገፋዋል ማለት ነው። ቆርቆሮ ሲመታ የተደራራቢው አፍ ንፋስና ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ መዞር አለበት፤ አባቴ ይህንን ሳይማር ያውቀው ነበር። እትዬ የፅዳቷ ደግሞ «ና ባልዲዬን የማኖርበትን ላሳይህ» ብለው ከክፍል ክፍል ወሰዱኝ። ባልዲው የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ምልክት አድርጌ ከጣራው ጋር ሳመሳክር፣ አብዛኞቹ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ተደርድረው ተገኙ።

ከዚያ ኮርኒሱ አንድ ቦታ ይከፈትና ባትሪ ይዞ መግባት ነው። በቀን ብርሃን ባትሪውን አጥፍቶ ወደ ላይ ማየትም ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮው ከተበሳ ቀዳዳዎቹ ያበራሉ። ብዙዎቹ የምስማር ቀዳዳዎች ናቸው። የቆርቆሮ ምስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ከዓመት ዓመት ውሃ ያሳልፋል። ቆርቆሮው ራሱ ደህና ከሆነ ምስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ባለጎማ ምስማር ወይም ብሎን መምታት ይበቃዋል። ዝገቱ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ግን ቅየራ ነው። ሲቀየር በጨረታው ሰነድ ላይ የቆርቆሮው ጌጅ በቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። «ጥሩ ቆርቆሮ» ብሎ የተጻፈ ሰነድ ላይ 32 ጌጅ ይመጣል፤ 28 ጌጅ ተብሎ ቢጻፍ ግን ተረካቢው ለክቶ መመለስ ይችላል።

ከጣራ ቀጥሎ አሸንዳው ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ከጣራው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ የተሰበረ ቱቦ፣ ግድግዳው ሥር ይፈስሳል። መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ይርሳል፣ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ እርጥበት ይስባል። አሸንዳ በበቂ ስፋት ሠርቶ፣ በቂ ቱቦ ሰጥቶ፣ ቤቱን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለብጦ፣ ውሃውን ወደ ቦይ መምራት ከጠቅላላው እድሳት ወጪ ትንሹ ነው። እኔ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፌ ሁልጊዜ የጣራውን ውሃ የሚያጠራቅም ሮቶ እንዲጨመር እጽፋለሁ። በኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ለመጸዳጃ የሚሆን ውሃ እያጣ፣ በላዩ ላይ የወረደውን ውሃ መሠረቱን እንዲያርስበት መልቀቁ ያሳዝነኛል።

ግድግዳውን ለማየት የምይዘው ቢላ ነው። የቋሚው እግር ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ባለው ክፍል ላይ ቢላው ሳይታገል ከገባ እንጨቱ በምስጥ ወይም በእርጥበት አልቋል። ከላይ ጤነኛ ሆኖ ከታች ያለቀ ቋሚ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ይህ ማለት ቤቱ ይፍረስ ማለት አይደለም። ጣራው በድጋፍ ተይዞ የበሰበሰው እግር ይቆረጣል፣ በምትኩ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት እግር ይገባል፤ የተረፈው እንጨት ከአፈር ጋር አይገናኝም። ሌላው በሽታ የሲሚንቶ ልስኑ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል፤ ከውጪ በሲሚንቶ ሲታሸግ ግን የገባው እርጥበት መውጫ ያጣና ውስጡን ያበሰብሳል። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር እንዲያያዝ የዶሮ ሽቦ ካልተወጠረበትም ተነፋፍቶ ይወርዳል። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ተለቅቋል፤ በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ አያስፈራም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ መሬት የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየሰመጠ መሆኑን ይጠቁማል። ዛሬም እየሄደ ይሁን ወይስ ድሮ ሄዶ ቆሟል የሚለውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስንጥቁ ላይ እንደ አውራ ጣት የሚሰፋ ጄሶ አግድም ይለጠፍና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍበታል። ከክረምት በፊት ተለጥፎ በመስከረም ሲታይ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ደህና ከሆነ ስንጥቁ ተሞልቶ ይለሰናል። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህንን ጊዜ መጠበቅ ይከብዳቸዋል። እኔ ግን መልሱን ሳላገኝ መሠረት ቆፍሩ ብዬ አልጽፍም፤ መሠረት መቆፈር ውድ ነው፣ ሳያስፈልግ ከተነካም ጤነኛውን ያውካል።

አገራችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሆኗም አይረሳ። በግንቦት 1953 የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ንዝረት ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፣ አዲስ አበባ ድረስም ተሰምቷል። ፎቅ ለሌለው የጭቃ ቤት ትልቁ ጥንቃቄ ጣራውን ከግድግዳው፣ ግድግዳውንም ከማዕዘኑ ጋር በደንብ ማሰር ነው። ቆርቆሮው በሚነሳበት ጊዜ ይህ ሥራ በጥቂት ብረትና ሽቦ ይሠራል፤ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ግን ማንም አይመለስበትም።

የእድሳት ዕቅድ ምን ያህል ጊዜና ሐሳብ እንደሚጠይቅ ለማየት ወደ አዲስ አበባ ልሂድ። የአፍሪካ አዳራሽን ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ18 ወር ተሠርቶ ጥር 29 ቀን 1953 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 የተመሠረተበት አዳራሽ ነው። የተከበሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በባለቀለም መስተዋት የሠሩት ሥዕል ብቻ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው መታደስ አስፈለገው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ በጀት ፈቀደለት፤ አዳራሹ እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 2017 ነው። በ18 ወር የተሠራ ቤት ለማደስ ከፈቃዱ ጀምሮ ወደ ዘጠኝ ዓመት ወሰደ።

ይህንን ስነግራቸው ብዙዎች በመጓተቱ ብቻ ይደነቃሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናከረ፤ አካል ጉዳተኛ ያለ ችግር እንዲገባ ተደረገ፤ የአፈወርቅ መስተዋት ተጠገነ፤ ሜዜዲሚ የነደፋቸው የቤት ዕቃዎች ሳይጣሉ ታደሱ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምን ይቆይ፣ ምን ይለወጥ የሚለው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ከተወሰነ ብቻ ነው። የዚያው አርክቴክት ሌላ ሥራ የሆነውና በ1950ዎቹ ቸርችል ጎዳና ጫፍ ላይ የተሠራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም በቅርብ ዓመታት ታድሶ ዛሬም የከተማው አስተዳደር እየሠራበት ነው። እኛ ሜዜዲሚ የለንም፣ ሚሊዮን ዶላርም የለንም። ሁለቱ ሕንፃዎች የያዙት ሥርዓት ግን ለአምስት ክፍል የጭቃ ቤትም ይሠራል፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ ቤቱን የሚሸከመው አካል፣ ቀጥሎ ውሃና መብራት፣ መጨረሻ ላይ የሚታየው ነገር።

ወደ ራሳችን ልመለስና፣ በኛ ዘንድ ትልቁ እንቅፋት የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። በጀቱ የሚፈቀደው ክረምቱ ሲጠነክር ነው። ሰነዱ ሳይዘጋጅ ስለሚቆይ መስከረምና ጥቅምት በጥናት ያልፋሉ፤ ጨረታው ታኅሣሥና ጥር ላይ ይወጣል፤ አሸናፊው መጋቢት ላይ ሥራ ሲጀምር የበልጉ ዝናብ ይደርሳል። ሰኔ ሲመጣ «በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ በችኮላ ጣራ ይነሳል፤ ቤቱ ተገልጦ ሳለ ክረምት ይገባበታል። መፍትሔው አንድ ዓመት ቀድሞ ማሰብ ነው። ቅኝቱ በዚህ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ይደረጋል፤ ንድፉና የሥራ ዝርዝሩ በበጋው ይጻፋል፤ በጀቱ በግንቦት ሲጠየቅ ሰነዱ አብሮ ይቀርባል። ከዚያ በሚመጣው ሐምሌ ጨረታው ይወጣል፣ ኮንትራክተሩ በመስከረም ቦታውን ይረከባል፣ ጣራው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሠራል። በኛ አገር አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ኅዳር የበርበሬ ለቀማ ነው። የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ይህንን ያላሰበ ኮንትራክተር ሠራተኛ አጣሁ ብሎ ይቆማል፤ የአካባቢው ሰው ያዘጋጀው ዕቅድ ግን ቁፋሮውንና ጭነቱን ከለቀማው በፊት ያስጨርሳል፣ በለቀማው ሰሞን አናጢዎቹ ብቻ ጣራ ላይ ይሆናሉ።

ግምቱ ላይም አንድ ነገር ልናገር። አዲስ ቤት ሲሠራ ስንት ብሎኬት እንደሚገባ አስቀድሞ ይቆጠራል። አሮጌ ቤት ግን ልስኑ ሳይነሳ ውስጡ አይታወቅም። ስለዚህ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የቋሚ ቅየራ፣ የልስን ቅየራ፣ የወራጅ ቅየራ የመሳሰሉት በነጠላ ዋጋ ይቅረቡ፤ ክፍያው በተሠራው ልክ ተለክቶ ይሁን። ከጠቅላላው ላይ አሥር በመቶ ያህል መጠባበቂያ ይያዝ። ይህ ካልተደረገ ኮንትራክተሩ የተደበቀ ብልሽት ሲያገኝ ሁለት አማራጭ ብቻ ይኖረዋል፤ ሥራ ማቆም ወይም ብልሽቱን ሸፍኖ መለሰን። የማያቸው ከታደሱ በኋላ ቶሎ የሚሰነጠቁ ግድግዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው የመጡ ናቸው።

መብራቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እነዚህ ቤቶች ሽቦ ሲዘረጋላቸው ለጥቂት አምፖሎች ነበር። ዛሬ በያንዳንዱ ክፍል ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለ፤ ጥግ ላይ የቡና ማፍያ ምድጃም ይሰካል። ሽቦው ሲሞቅ፣ ብሬከሩ ሲወርድ፣ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር የተለመደ ስህተት ነው፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ቢተልቅ እሳቱን የሚያቆም አይኖርም። በጭቃና በችፑድ ቤት ውስጥ፣ ወረቀት በሞላበት ክፍል፣ ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። ኮርኒሱ ተነስቶ ሳለ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ የመሬት ሽቦም ይቀበርለት።

ስለ ወረቀቱ ካነሳሁ አይቀር፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ንብረት መዝገብ ቤቱ ነው። የሰው ይዞታ ማኅደር፣ ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የውርስ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ነው። ግድግዳ ቢወድቅ ይሠራል፤ የበሰበሰ ማኅደር ግን አንዲት እናት በቤቷ ላይ ያላትን መብት ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ የመጀመሪያው ገጽ እድሳቱ እስኪያልቅ መዝገቡ የት ይቀመጣል የሚለው መሆን አለበት። ደረቅ ክፍል ይመረጣል፤ ማኅደሩ እየተቆጠረ በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይገባል፤ መደርደሪያው ከወለሉ ቢያንስ ስንዝር ከፍ ይላል፣ ከውጪው ግድግዳም ይርቃል። ባለሙያውና ማሽኑ ካሉ ማኅደሮቹ ሲወጡ ስካን መደረጋቸው መልካም ዕድል ነው፤ ሁሉም ፋይል ከመደርደሪያ የሚወርድበት ሌላ ጊዜ በቅርብ አይመጣም።

ሌላው የሚዘለለው መግቢያው ነው። በ2001 የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ራምፕ ሲሠራ አይቻለሁ፤ አጭርና ቁልቁል ስለሚሆን ግን ማንም አይወጣበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። በድምሩ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ላሉበት በር 5 ሜትር ከ40 ይፈለጋል። ቦታው በፊት ለፊት ከጠበበ በጎን በኩል ይዞር። ጡረታ የወጡ አዛውንቶችና ሕፃን ያዘሉ እናቶችም ይጠቀሙበታል።

ሥራው ሲያልቅ ርክክቡ በበጋ እንዳያልቅ እመክራለሁ። ጊዜያዊ ርክክብ ይደረግና የመጨረሻው አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ከክፍያው ላይ የሚያዘው ገንዘብም እስከዚያ አይለቀቅ። ጥበቃውና የፅዳት ሠራተኛዋም በርክክቡ ቀን ይገኙ። እነሱ «እዚህ ጋ አሁንም ያፈሳል» ካሉ ኮሚቴው አይፈርም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥገና ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ከተማ የሚሸነፈው። እድሳት የካፒታል በጀት ስለሆነ ይታያል፣ ይመረቃል። ጥገና ግን መደበኛ በጀት ውስጥ ካሉት መደቦች አንዱ ነው፤ ሲቀነስ ማንም አይጮኽም። አንድ አሸንዳ ለማጽዳት አንድ መሰላል፣ አንድ ሰውና ግማሽ ቀን ይበቃል። ይህ በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በየዓመቱ መደረግ አለበት፤ በመስከረም ደግሞ ምስማሩና ቀዳዳው ይታያል። የማን ሥራ እንደሆነ በስም ተጽፎ፣ የተሠራበት ቀን የሚመዘገብበት ደብተር ጥበቃው ቤት ይቀመጥ። እኔ ዕቅዳቸውን ለምጽፍላቸው ቤቶች ይህን ደብተር አስምሬ እሰጣለሁ፤ የመጀመሪያውን መስመርም ጥበቃው ራሳቸው እንዲሞሉት አደርጋለሁ።